ከዕቁብ ገንዘብ የተገዛው «አይ ሰቨን»

እንደ እኔ ጠዋት የልጆች ምሣ ዕቃ ቋጥራችሁ ወደ ሥራ የምትሮጡ፣ ማታ ደግሞ ከታክሲ ሰልፍ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት የምትገቡ እናቶች፤ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ወጥ አሠራርም ሆነ ስለ ሕፃናት አለባበስ አይደለም። ከክብሪት ሣጥን ስለማይበልጥ አንድ ዕቃ ነው። ፕሮሰሰር ይሉታል። በኮምፒዩተር ሣጥን ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ በመሆኑ ብዙዎቻችን ዓይተነው አናውቅም። እኔም ከጥር 2017 ዓ.ም. በፊት አላየሁትም ነበር። ነገር ግን በቤቴ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ጠብ የገባው በእሱ ሰበብ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ እሱ ከብዙ ሰው የተሻለ ሳላውቅ አልቀርም።

የምንኖረው ላምበረት ነው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ መናኸሪያው ትንሽ ገባ ብሎ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የረዳቶቹ ጥሪና የሞተሩ ድምፅ ስለሚቀሰቅሰን የማንቂያ ሰዓት ገዝቼ አላውቅም። ቀና ስንል የየካና የእንጦጦ ተራራ ባሕር ዛፍ ይታየናል። ከዚያ ተራራ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ ሴቶች አሁንም በደጃችን ሲያልፉ አያለሁ። ነፍሷን ይማርና እናቴም ከእነዚያ አንዷ ነበረች፤ እኔን ያስተማረችኝ በዚያ ሸክም ነው። ይህን የማነሣው እንድታዝኑልኝ ሳይሆን፣ ሃያ አራት ሺህ ብር በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እንድትረዱልኝ ነው።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር በመሆኑ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት ይቆጠራሉ። ሁለት ልጆች አሉን። ነገሩ በሆነበት ጊዜ ወንዱ አሥራ ስድስት፣ ሴቷ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዕቁብ ወጣልኝ። ገንዘቡ ገና በእጄ ሳይገባ ሥራ ላይ አውዬው ነበር፤ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቼ፣ ከሥራ ስመለስና በቅዳሜ እሑድ እየጋገርኩ ለሰፈራችን ሁለት ሱቆች እንጀራ ላስረክብ። ከባለሱቆቹ ጋር ዋጋ እንኳ ተነጋግረን ነበር። ታዲያ ልጄ በዚያው ሳምንት ወሬ ጀመረ። «እማዬ፣ ፈተናው እኮ በኮምፒዩተር ሆኗል» አለኝ። እውነት ነው፤ በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ከፈተናው ውጤት በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሰማች እናት እንዴት አትደነግጥም? ልጄ የእኔን ፍርሃት አውቆ ነበር የመጣው።

ሌላም ምክንያት ነበረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ተወስኖ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፎ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲያድር ይጨምራል። «ዛሬ ካልገዛን ነገ አንገዛውም» ሲለኝ የሚያስዋሽ አልነበረም። በዚያ ላይ እናንተም እንደምታውቁት በየሰፈሩ የፕሌስቴሽን ቤት አለ። በጨዋታ እየተከፈለ፣ በጭስና በጩኸት ውስጥ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ ጎራ እንደሚል አውቅ ስለነበር፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ቢያንስ ዓይኔ ያየዋል አልኩ። ምጣዱን ለሚቀጥለው ዕቁብ አስተላለፍኩት።

መገናኛ ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ፎቁን ወጥተን፣ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ከተደረደሩበት አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ ጨዋ ወጣት ነው። «እናቴ፣ አይ ስሪ አለ፣ አይ ፋይቭ አለ፣ ይኼ ግን ኮር አይ ሰቨን ነው» አለኝ። እኔም በልቤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ብዬ ቆጠርኩና ሰባት ይበልጣል አልኩ። አንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ተጨምሮበት፣ ከነስክሪኑና ከነኪቦርዱ ሃያ አራት ሺህ ብር ከፍዬ በላዳ ጭነን መጣን። ልጄ በመንገድ ላይ ዝም ብሎ ነበር። ደስታ ነው ብዬ ነበር።

እስቲ አሁን ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ልንገራችሁ፤ ነገ ልጆቻችሁ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉና።

ፕሮሰሰር ማለት ለኮምፒዩተሩ እንደ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ማስታወሻው፣ ዲስኩ፣ ስክሪኑ፣ ዕቃ አቀባይና አሳላፊ ሲሆን ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ኮር የሚሉት በማድ ቤቱ ውስጥ የቆሙት እጆች ቁጥር ነው፤ አራት ኮር ካለው አራት ወጥ ቤቶች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ጊጋኸርዝ የሚሉት ደግሞ የእያንዳንዷ እጅ ፍጥነት ነው። ካሽ የሚባልም አለ፤ ይኸውም ሽንኩርቱና ቅመሙ ጓዳ ድረስ ሳይኬድ ከምድጃው አጠገብ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው። ለጨዋታ የሚገዙ ሰዎች ስለዚህ መደርደሪያ በጣም ይጨነቃሉ። ጨዋታ ማለት በሰከንድ ስልሳ ጊዜ አዲስ ሥዕል የማቅረብ ሥራ ስለሆነ፣ ወጥ ቤቷ ጓዳ ስትመላለስ እንግዳው ይጉላላል። ልጆቹ «ስታክ አደረገ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሥዕሉን ራሱን የሚቀባው ግን በአመዛኙ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታ በተንቀረፈፈ ቁጥር ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው ማለት አይደለም።

የኔ ስሕተት የሆነው ይህ ነው። «አይ ሰቨን» የደረጃ ስም እንጂ የዘመን ስም አይደለም። ጤፍ ስትገዙ ማኛ ነው ብቻ አትሉም፤ የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ? ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር መነሻው ዘመኑን ይናገራል፤ ነጋዴዎቹ ጄኔሬሽን ይሉታል። 3470 ሲል ሦስተኛ፣ 8400 ሲል ስምንተኛ፣ 12100 ሲል አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው። የእኛው ቁጥር 2600 ነበር። ሁለተኛ! በ2003 ዓ.ም. ለገበያ የወጣ፣ ልጄ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ማለት ነው። አራት ኮርና 3.4 ጊጋኸርዝ አለው፤ በዘመኑ አንደኛ ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የወጣው፣ በደረጃ «ትንሹ» የሚባለው አይ ስሪ 12100 በእኩል የእጅ ቁጥር ጥሎት ይሄዳል። ሰባት ከሦስት ይበልጣል ብዬ የቆጠርኩት እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንግዲህ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመተ ምሕረት የሌለው ደብዳቤ አልቀበልም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደኅና አለፉ። ልጄ ሲያጠና አየዋለሁ፤ ሲጫወትም አየዋለሁ። የእግር ኳሱን ጨዋታ እኔም አንድ ቅዳሜ ሞክሬው ነበር፤ በገዛ ጎሌ ላይ ሁለት ካገባሁ በኋላ ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ። ሌሊት ሌሊት ግን ሌላ ጨዋታ እንደሚጫወት የደረስኩበት ዘግይቼ ነው። ግራንድ ቴፍት አውቶ 5 ይባላል። መኪና የሚሰረቅበት፣ ሰው የሚገደልበት ሲሆን፣ በአውሮፓ ምዘና ከ18 ዓመት በታች ላሉ የተከለከለ ነው። ማሸጊያው ላይ የሚታተመውን የዕድሜ ቁጥር እኛ ዘንድ ማንም አያየውም፤ ምክንያቱም ጨዋታው በማሸጊያ ሳይሆን በፍላሽ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ስለሚዞር ነው።

በጥር ወር የአጋማሽ ውጤት መጣ። ከክፍሉ ስድስተኛ የነበረው ልጅ ሃያ ሦስተኛ ወጣ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ኮምፒዩተሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። ጨዋታ በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይዘገያል፤ ከዚያም ድርግም ብሎ ይጠፋል። መብራት የሄደ መስሎኝ አምፖሉን ቀና ብዬ አያለሁ፤ አምፖሉ እንደበራ ነው።

«እማዬ፣ ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» አለኝ ልጄ። «መቀየር አለበት።»

«ስንት ነው?»

«ፕሮሰሰሩ ብቻውን አይሆንም። አዲሱ በዚህ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም፤ ራሙም ይለወጣል። ሠላሳ ሁለት ሺህ ገደማ።»

አንባቢዎቼ፤ በዚያች ደቂቃ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ምጣዴን አነሣሁ፤ እናቴንም አነሣሁ፤ ያን የተራራ ሸክም አነሣሁ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሴቷ ልጄ ሰሐን እያጠበች ነበር፤ እጇን ከውሃው አላወጣችም።

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ ብቻዬን ወደዚያ ሱቅ ሄድኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የገባሁት፤ አልዋሻችሁም። «ትልቁ ነው ብለህ አሮጌ ሸጥክልኝ» አልኩት። ወጣቱ አልተቆጣም። «እናቴ፣ አይ ሰቨን ነው አልኩ፤ አይ ሰቨን አይደለም?» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጄኔሬሽኑን እኮ ልጅዎ ጠይቆኛል። ሁለተኛ መሆኑን ነግሬዋለሁ። እርስዎ ሒሳብ ሲቆጥሩ ነው የጠየቀኝ» አለኝ።

ከዚያ ሱቅ ደረጃ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ከመገናኛ ላምበረት ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሻጩ አልዋሸም፤ ያልጠየቅሁትን አልነገረኝም እንጂ። ልጄ ግን አውቆ ዝም ብሎኛል። በላዳው ውስጥ ያየሁት ዝምታ ደስታ አልነበረም።

ማታ ጠየቅሁት። ሊክድ አልሞከረም። «ብነግርሽ ትተሽው ትሄጂ ነበር፤ ምጣዱን ትገዢ ነበር» አለኝ። «ለጌም ነው የፈለግሁት። ለፈተና ያልኩሽም ግን ውሸት አይደለም።» ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው የከፋኝ። ሙሉ ውሸታም ልጅ ቢሆን ኖሮ ቁጣዬ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ያህል ከ«እንጀራ ይቅረብ?» በቀር አልተነጋገርንም። ኮምፒዩተሩንም ልሸጠው ወስኜ ነበር።

ነገሩን ያዞረችው ሴቷ ልጄ ናት። ባለቤቴ ከመንገድ የገባ ዕለት፣ ቤቱን ጠርጋ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ይሄ ኮምፒዩተር በፊት ከኋላው ሙቅ ነፋስ ነበር የሚያወጣው፤ ሲበርደኝ እግሬን አሞቅበት ነበር። አሁን ምንም አያወጣም።»

የላምበረትን የጥር ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይገባል። እኛ ሁላችን በኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ስንጣላ፣ ልጅቷ ከኋላው ሆና እግሯን ስታሞቅ ከርማለች። ባለቤቴ ነገሩን ሰምቶ ሳቀና፣ «ራዲያተሩ ተደፍኗል በሉኛ» አለ። ስለ ኮምፒዩተር አንድም ነገር የማያውቅ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈላበት የኖረ ሾፌር ግን ሙቀት መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ካቻቢቴ አመጣና ሶኬቱ ከግድግዳው መነቀሉን ካየ በኋላ የሣጥኑን ብሎን ፈታ።

እዚያ ውስጥ ያየነውን ለመግለጽ ያስቸግረኛል። ሣጥኑን ያስቀመጥነው መሬት ላይ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ቡና ከምናፈላበት ከሰል አጠገብ ነበር። የመንገዱ አቧራ፣ የከሰሉ አመድ፣ የዕጣኑ ጢስ ተደባልቆ በማቀዝቀዣው ብረት ክፍተቶች ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ፋኑ መዞር አቅቶት ይንቀጠቀጣል። ብረቱን ከፕሮሰሰሩ ላይ ስናነሣው ደግሞ በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት ቅባት፣ ፔስት የሚሉት፣ ደርቆ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ያን ጊዜ ነው ፕሮሰሰሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ሃያ አራት ሺህ ብሬ፣ ዘጠኝ ቀን ዝምታዬ፣ አንዲት ካሬ ብረት። ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች በውስጡ አሉ ይባላል። በ1971 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ለሽያጭ ያወጣው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር 2300 ብቻ ነበሩት።

ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ መቶ ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ይህም ካልበቃው ጨርሶ ይጠፋል። መንቀርፈፉም ድርግም ማለቱም ይኸው ነበር። ልጄ ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ስለነበረው ከመክፈታችን በፊት 97 ዲግሪ አሳይቶን ነበር። ልብ በሉ፤ በእኛ ከተማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከማንቆርቆሪያ የባሰ ነገር ከጠረጴዛችን ሥር ሲንተከተክ ከርሟል ማለት ነው። ከፍታን ካነሣሁ አይቀር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች አየሯ ከጠረፍ ከተሞች አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም ኃይሉ ያንሳል። ስለሆነም አንድ ዓይነት ፋን እዚህና ጅቡቲ እኩል አይሠራም። ደግነቱ ብርዳችን ይክሰናል።

ባለቤቴ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ፤ ሴቷ ልጅ የደረቀውን ቅባት በጥጥና በአልኮል አጸዳች፤ ወንዱ ልጄ መገናኛ ሄዶ በሦስት መቶ ሃምሳ ብር አዲስ ፔስት ገዝቶ መጣና የአተር ፍሬ ያህል መሐሉ ላይ ጠብ አደረገ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሣጥኑንም ከመሬት አንሥተን በርጩማ ላይ፣ ከከሰሉ አርቀን አስቀመጥነው። ሲበራ ያው ጨዋታ 68 ዲግሪ ላይ ቆመ። መንቀርፈፉም ቀረ።

ሠላሳ ሁለት ሺህ የተባለው ነገር በሦስት መቶ ሃምሳ ብር አለቀ። ልጄ አውቆ ሊያስወጣኝ ነበር? አይደለም፤ እሱም አርጅቷል ብሎ አምኖ ነበር። የሚያስገርመው፣ የዚያ ሌሊት የሚጫወተው ጨዋታ አምራቾች ለኮምፒዩተር ሲያወጡት የመከሩት ፕሮሰሰር ሦስተኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ 3470 መሆኑን ራሱ አንብቦ ነገረኝ። የእኛው ሽማግሌ ከዚያ ብዙ አያንስም ነበር። ለአዲሶቹ የእግር ኳስ እትሞች ግን በእርግጥ ያንሳል። ዊንዶውስ 11 የሚባለውም በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ሲሆን፣ የእኛው የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ እናቶች ስምንትና ከስምንት በላይ ፈልጉ። ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ኮምፒዩተሩን አስከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ስክሪኑ ላይ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሻጭ አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ።

ደህና ገንዘብ ያላችሁና ለልጃችሁ አዲስ የምትገዙ ካላችሁ፣ አዲስ መሆኑ ብቻ አያሳርፍም። ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ጄኔሬሽን የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየተላከባቸው እንደሚበላሹ በ2024 እ.ኤ.አ. አምኖ፣ የዋስትና ጊዜያቸውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው የተበላሸውን አያድንም፤ ያልተበላሸውን ግን ይጠብቃል። እኛ አገር ያገለገለ ሆኖ ለሚደርሰው ሰው ያ ዋስትና ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ የማዘርቦርዱ ባዮስ ታድሷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ልጄ የሚያደንቀው የኤኤምዲን ራይዘን ነው። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ማዘርቦርዳቸው በብዙዎቹ ላይ ከዓመታት በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ይቀበላል፤ ሣጥኑን ሁሉ ሳይጥሉ ወጥ ቤቷን ብቻ መለወጥ ይቻላል ማለት ነው። ለድኻ ቤት የሚመች አሠራር ነው።

ስለ መብራት ወጪ የምትፈሩም አላችሁ። እኔም ፈርቼ ነበር። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል፤ የእኛ ፕሮሰሰር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 95 ዋት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ስለ ቆጣሪው መጨቃጨቄን ትቻለሁ። ሊያስፈራን የሚገባው የሌሊቱ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጨዋታ ሱስ የመያዝን ችግር በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የሚታዩት ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ መቆጣጠር ማቃት፣ ከሌላው ኑሮ ሁሉ ጨዋታውን ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየ እንኳ መቀጠል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። የኔን ልጅ በዚህ ሚዛን ስመዝነው በሽተኛ አልነበረም። ሌሊቱን የሰረቀ ልጅ ነበር።

ሣጥኑ በተከፈተበት ዕለት ማታ ግን ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ኮምፒዩተሩ ከገባ አምስት ወር ሆኖታል። በእነዚያ አምስት ወራት ሴቷ ልጄ አንድ ቀን እንኳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አላየሁም። አቧራውን የምትጠርገው እሷ፣ ሥሩን የምትወለውለው እሷ፤ እሱ ሲጫወት ቡና የምታቀርብለትም እሷ። ማን ከለከላት? ማንም። እኔ ነኝ ከሥራ ስገባ «ነይ ሽንኩርት ክተፊ» የምላት፤ ለእሱ ግን «ያጠና ይሆናል» ብዬ በሩን የምዘጋለት። የሴቶች መብት ቀን ሲከበር ከመሥሪያ ቤታችን ሰልፍ ላይ ቀርቼ አላውቅም። በገዛ ቤቴ ግን ወንበሩን ያከፋፈልኩት እንዲህ ነበር።

ስለዚህ ሰዓት ተከፈለ። ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት የእሷ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል የእሱ፤ ቅዳሜ ለሁለቱም ጨዋታ ይፈቀዳል፤ ሌሊት የኪቦርዱ ማደሪያ የኔ ትራስ ሥር ነው። ሽንኩርቱን በየተራ ይከትፋሉ። ወንዱ ልጄ ደስ አላለውም። በመጀመሪያው ሳምንት አኩርፎ ወደ ፕሌስቴሽን ቤቱ ተመለሰ፤ ሁለት ቀን አምሽቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን አባቱ በስልክ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ቀርቷል። የሽንኩርቱ ነገር ግን እስከ ዛሬም ያጣላናል። ሲከትፍ እንዲህ ትልልቅ አድርጎ ነው፤ አውቆ ይመስለኛል።

ሴቷ ልጅ መጀመሪያ የእግር ኳሱን ነበር የተጫወተችው፤ ወንድሟን ሁለት ለዜሮ ያሸነፈችው ዕለት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ አንድ መምህርቷ ስለ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነገረቻት፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በነፃ በኢንተርኔት የሚሰጠው ማለት ነው። ወንድሟ መዘገባት። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ፣ መብራቱም ሲሄድ እየተነጫነጨች የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሳለች። ለዚያ ሥራ ሁለተኛ ጄኔሬሽን ሽማግሌያችን ከበቂ በላይ ነው፤ ፋኑ እንኳ ድምፅ አያሰማም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ኩኩሉ የተባለ የሸሺ ዶሮ ጨዋታ ለሞባይል መሥራቱን ስትሰማ፣ «እኛም ሰው ነው የሚሠራው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጨዋታ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ይመስላት ነበር። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። በ11ኛው ማጠቃለያ ዘጠነኛ ወጣ። ስድስተኛ ነበር ብዬ ላሳስበው ስል ተውኩት። ያ የላዳው ዝምታ ከልቤ ጨርሶ ወጥቷል ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ዕቃ ሲያስገዛኝ ሁለት ጊዜ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ሁለት ጊዜ መጠየቄን ያውቃል፤ ምክንያቱንም ያውቃል። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳልጠይቀው፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ገንዘቡን ስትቆጥሪ ልነግርሽ ነበር» አለኝ። «ታዲያ?» አልኩት። «ጣትሽን በምራቅ እያራስሽ ነበር የምትቆጥሪው» አለና ዝም አለ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

ዕቁቡ እንደገና ወደ እኔ እየተቃረበ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የምጣድ ዋጋ ለመጠየቅ መገናኛ ስወርድ ልጄ ልከተልሽ አለኝ። ዋጋው ያን ጊዜ ከጠየቅሁት ብዙ ጨምሯል። እኔ ስለ ዋጋው ስከራከር እሱ ምጣዱን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያነባል። ከዚያ ቀና ብሎ ሻጩን፣ «ይሄ ስንት ዋት ነው? የተመረተበት ዓመትስ የት ነው የተጻፈው?» ብሎ ጠየቀው። ሻጩ መልስ አልነበረውም። ሳንገዛ ተመለስን።